ሻቫሳናው ላይ ሰው ለምን ይወጣብናል? ድሬ ያላችሁ ግቡ

ቁልፍ ያዧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ሰፈር አንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበን ዮጋ እንሠራለን። በረንዳውን «ስቱዲዮ» ነው የምንለው፤ አትሳቁ። አሠልጣኟ ሌላ ልጅ ናት። እኔ በር እከፍታለሁ፣ ምንጣፍ አነጥፋለሁ፣ ብር እሰበስባለሁ፣ ለቀረ ሰው እደውላለሁ። ስለዚህ ማን ምን እንደሚያደርግ ከኋላ ሆኜ አያለሁ።

ክላሱ አንድ ሰዓት ነው። ማሟሟቂያ፣ የፀሐይ ሰላምታ፣ ቆመን የምንሠራቸው፣ መሬት ላይ የምንሠራቸው። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ ማረፍ አለ፣ ሻቫሳና የሚባለው። ከሱ ቀጥሎ ተነስተን ቁጭ እንልና አሥር ደቂቃ ዝም እንላለን። ሜዲቴሽናችን ይኸው ነው።

ላቡ ላይ ሁሉም ሰው አለ። ፕላንክ ላይ እያማረረም ቢሆን አለ። «አሁን በጀርባችሁ ተኙ» ሲባል ግን አንዷ ቦርሳ ታነሳለች፣ አንዱ ስልክ ያያል፣ ሌላው በጣቱ እየረገጠ ጫማ ፍለጋ ይሄዳል። ዝምታው ላይ ስንደርስ ግማሽም አንሆን። የሚገርመኝ ግን ጨርሰን ስንወጣ እነዚያው ሰዎች በር ላይ ቆመው ያወራሉ! ሥራ ያለው ሰው እንደዚያ በር ላይ አይገተርም።

አሠልጣኟ ከፍቷታል። ፊት ለፊት ስጠይቅ መልሱ «ቸኩዬ ነው» ነው። እዚህ ስም የለም፣ እውነቱን አውሩኝ። ለምንድነው የምትወጡት?

አቦ ተረጋጋ፦
አቦ እኔ ከሚወጡት አንዱ ነኝ። ተኛ ስትሉኝ እተኛለሁ። ችግሩ የምር እተኛለሁ። አንድ ቀን አንኮራፍቼ ከጎኔ ያለችው ልጅ በክርኗ ነው የቀሰቀሰችኝ። ከዚያ ወዲህ ክብሬን ይዤ ቀድሜ እወጣለሁ።

ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ። ፈረንጅ አገር ክፍሉን ሆን ብለው አሙቀው፣ 40 ዲግሪ አድርሰው ዮጋ ይሠራሉ። ቢክራም የሚባለው ነው፤ 26 አቋም፣ 90 ደቂቃ። ያውም ከፍለው! እኛ ግንቦት ላይ ቬንትሌተሩን ማጥፋት ብቻ ነው የሚጠበቅብን። ያን ሁሉ ላብ አፍስሼ ምንጣፍ ላይ ተጣብቄ ስተኛ የሚታየኝ ሻወር ነው እንጂ ሰላም አይደለም።

ሙና ገንደ ቆሬ፦
የኔ ምክንያት ቀላል ነው። ክላሱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ ዝምታው መግሪብ ላይ ይወድቃል። አዛን እየሰማሁ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ልቁጠር? መግሪብ ደግሞ እንደ ዒሻ ሰፊ ጊዜ የለውም። ሜዲቴሽኑ ይለፈኝ እንጂ ሰላት አያልፈኝም። ይህን በር ላይ ቆሜ ማስረዳት ስለማልፈልግ «ቸኩዬ ነው» እላለሁ። ውሸትም አይደለም፣ ቸኩዬ ነው።

ቁልፍ ያዧ፦
ሙናዬ፣ ይሄን እኮ ማንም አልነገረንም። 11 ሰዓት ላይ እንዳንጀምር በረንዳው ገና ፀሐይ ላይ ነው።

ሙና ገንደ ቆሬ፦
ጠዋት አድርጉት። 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሥራ ሳይገባ፣ አስፋልቱ ሳይግል።

አቦ ተረጋጋ፦
ጠዋት? ሙና፣ ወላሂ እኔን ከቡድኑ ማስወጣት ነው የፈለግሽው።

ሳቢያን ማዶ፦
ምን ያጨቃጭቃል? በሩን ቆልፉት።

ዳዊት ደጋሚ፦
እኔም ከሚወጡት ነኝ። ሳልደብቅ ልናገር፣ አትቆጡኝ።

«ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው» የሚለውን አልቀበለውም። ፓታንጃሊ ለሚባል የጥንት ህንዳዊ ሊቅ የሚሰጠው የዮጋ ሱትራ የሚባል መጽሐፍ ላይ ስምንት ደረጃ አለ። ሰውነት የሚታጠፍበት፣ የሚዘረጋበት፣ አሳና የሚሉት ሦስተኛው ነው። ቀጥሎ ትንፋሽ አለ። ከዚያ ስሜትን ከውጭ መሰብሰብ፣ ከዚያ ልብን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ። ሜዲቴሽን ሰባተኛው ነው፣ ስምንተኛው ሳማዲ፣ ሙሉ ተመስጦ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ የሥነ ምግባር ናቸው፤ አለመጉዳት፣ አለመስረቅ፣ እንዲህ ያለው። ስለዚህ ሰዎቻችሁ ሦስተኛው ላይ ወርደው ይሄዳሉ ማለት ነው። እኔ ግን አውቄ ነው የምወርደው።

እንቅስቃሴው ወገቤን ረድቶኛል፣ አልክድም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። ወደ ውስጥ ለማየት ግን የራሴ ቤት አለኝ። ዳዊቱ አለ፣ ስግደቱ አለ፣ ሱባኤው አለ። መጨረሻ ላይ እጅ ገጥሞ ጎንበስ ማለቱና «ኦም» ማለቱ ለኔ ትርጉም የሌለው ማስጌጫ አይደለም። ለሚያምንበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አክብሬው እወጣለሁ እንጂ ቆሜ አላስመስልም።

ሙና ገንደ ቆሬ፦
ዳዊት ደጋሚ፣ የኛም ሰፈር ይሄ ወሬ አለ። የማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ዮጋን ለሙስሊም ከልክሏል፣ ምክንያቱ ማንትራው (እየተደጋገመ የሚባለው ቃል) እና አምልኮው ነው። ሳዑዲ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ዮጋን እንደ ስፖርት ፈቅዳለች። ሁለቱንም የሚጠቅስ ሰው እዚሁ ድሬ ታገኛለህ፣ እንደ ፍላጎቱ። እኔ እንቅስቃሴውን እወስዳለሁ። «ኦም» ሲባል ዝም እላለሁ፣ ማንም አስገድዶኝ አያውቅም።

ከአዲስ የመጣሁ፦
ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም። አዲስ አበባ ሳለሁ የምሄድበት ስቱዲዮ ሰው እንዳይሸሽ ብሎ ሁሉንም አነሳ። ስሙን አነሳ፣ «ኦም»ን አነሳ፣ ዝምታውን አነሳ። የቀረው ጂም ነበር፣ ክፍያው ግን የዮጋ። የህንድ ነው፣ የህንድ መሆኑን ዩኔስኮም በ2016 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ያልተመቸው ሰው እንደ ዳዊት ደጋሚ በግልጽ ይውጣ። ግን የቀረነውን ሰዎች ነገር ቆራርጣችሁ አትስጡን።

ዳዊት ደጋሚ፦
በዚህ እንኳ ተስማምተናል።

ባለ ፉርጎው፦
ልጆቼ፣ እኔ የእናንተ ክላስ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ነኝ። ማን እንደሆንኩ ቁልፍ ያዧ ታውቃለች።

ምድር ባቡር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። የድሮው ባቡር ሲበላሽ አይታችሁ አታውቁም። አይሻ ወይም አዲጋላ ላይ ይቆማል። ዙሪያው ድንጋይና ፀሐይ ነው። ከድሬ መለዋወጫ እስኪመጣ ቁጭ ነው። ስልክ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። መጀመሪያ ይወራል፣ ወሬው ያልቃል። ከዚያ ሰው ይነጫነጫል። ከዚያ ደግሞ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሲመጣ ፉርጎው ጥላ ሥር ተደግፈህ ሐዲዱን ታያለህ፣ ምንም አታስብም። እናንተ አሁን ብር ከፍላችሁ የምትፈልጉት እሱን ይመስለኛል።

እና እኔ ለምን እወጣለሁ? ጉልበቴ ነው። እግር አጥፎ መሬት ላይ መቀመጥ አልችልም። ቅዳሴ ላይ መቋሚያዬን ተደግፌ ሰዓታት እቆማለሁ፣ ምንም አይለኝም። መሬት ላይ አሥር ደቂቃ ስቀመጥ ግን የማስበው ጉልበቴን ብቻ ነው። ወጣቶቹ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እኔ ስንፈራገጥ መታየት አልፈልግም። ወንበር ቢኖር እቀመጥ ነበር።

ቁልፍ ያዧ፦
ጋሼ! ወንበር ስጪኝ ቢሉኝ እኮ ከቤቴ አመጣ ነበር።

ባለ ፉርጎው፦
ሰው ሁሉ መሬት ላይ ሆኖ አንድ ሰው ወንበር ላይ? ዳኛ ልመስል?

ነርስ ነኝ አልወጋም፦
ጋሼ ስለ ጉልበት ያሉት ላይ የምጨምረው አለኝ። ድሬ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ችኩንጉንያ ሲገባ ስንቱ ሰው እንደታመመ ታስታውሳላችሁ። ትኩሳቱ በቀናት ይለቃል። የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ሰው ላይ ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ እግሩን ማጠፍ ያቃተው ሰው ሁሉ «አልለመደም» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ወንበር ዮጋ ውስጥ ነውር አይደለም። አየንጋር የሚባሉት ትልቅ የህንድ መምህር ወንበር፣ ቀበቶ፣ ብርድ ልብስ፣ የእንጨት ብሎክ እየተጠቀሙ ነው ያስተማሩት። ዓለም የሚያውቃቸውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ቢንቢው። ችኩንጉንያና ደንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፣ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። እናንተ በዚያ ሰዓት ላብ ላብ እያላችሁ ክፍት በረንዳ ላይ ዝም ብላችሁ ትተኛላችሁ። ግብዣ ነው! አንዳንዱ ሰው ስለተነከሰ ብቻ ነው የሚወጣው። ጠዋት ብታዞሩትም ያው ነው፣ በረንዳው ላይ መረብ ስቀሉ፣ ውሃ የያዘ ጎማና ጀሪካን ከግቢው አውጡ።

ሦስተኛ ልላችሁ የፈለግኩት ስለ ጫት ነበር፣ ግን የሚቆጣ አለ።

አቦ ተረጋጋ፦
አልቆጣም አቦ፣ ተናገሪ። እንዲያውም እኔ ልጀምርልሽ። ድሬ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅም የሚል ሰው በርጫ ገብቶ አያውቅም። ምርቃና ሲመጣ ጀማው በሙሉ ጸጥ ይላል። ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል። አሥር ደቂቃ ምን አላት? እኛ ከሰዓቱን ሙሉ ነው የምንቀመጠው። ሜዲቴሽን ከሆነ እኛ ማስተርስ አለን።

ነርስ ነኝ አልወጋም፦
ማስተርሱ ይቆይ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው። የልብ ምት ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል። አፍህ ጸጥ ብሏል እንጂ ልብህ እየሮጠ ነው። ጭንቅላትህ ቤት እየሠራ፣ መኪና እየገዛ፣ ከጠላት ጋር እየተሟገተ ነው። ዮጋው ዝምታ ላይ የሚፈለገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ትንሽ ቀስ ይላል፣ ሲገባ ትንሽ ይፈጥናል። ስለዚህ አወጣጡን ስታረዝመው ሰውነትህ ራሱ ይረጋጋል። ቅመህ መጥተህ ግን ያንን ብትሞክር ደረትህን ነው የሚጨንቅህ። ከዚያ «ሜዲቴሽን ለኔ አይሆንም» ትላለህ። ማታ ክላስ ላይ ከበርጫ ቀጥታ የሚመጣ ሰው እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ።

አቦ ተረጋጋ፦
እሺ፣ ጠዋቱን ልሞክረው። ይሄን የምለው ስለተሸነፍኩ አይደለም።

የጀጎል ልጅ፦
ከሐረር ነኝ፣ ባትጠሩኝም ገባሁ።

እናንተ የምትሉት ነገር እኛም ጋ አለ። ትንሽ ቡድን ነን፣ በሐረሪ ቤት ውስጥ ነው የምንቀመጠው። የሐረሪ ቤት ያየ ያውቀዋል፣ ወለሉ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። ነደባ እንለዋለን። ምንጣፍና ትራስ አለው፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ቤቱ ራሱ ተደገፍ ይልሃል። እዚያ ማንም ጀርባውን እንዲያቀና አይጠየቅም፣ ጉልበቱ የሚያመው ከፍ ያለው ላይ ይቀመጣል፣ ዳኛም አይመስል ጋሼ። ዝምታው ላይ የሚወጣ ሰው የለንም ማለት ይቻላል።

ሌላው፣ እኛ አካባቢ ሰው አብሮ ሲሆን ድምፅ ያወጣል። ሐሙስ ማታ አዋች (የወልዮች መቃብር) ጋ ዚክሪ አለ፣ ከበሮ ይመታል፣ በአንድ ላይ ይባላል። ቤተ ክርስቲያንም ማኅሌቱ እንደዚያው ነው። ሰርግም ለቅሶም እንደዚያው። ብቻውን ዝም የሚል ሰው አለ፣ አብሮ የሚጮህ ሰው አለ። አብሮ ዝም ማለት ግን አዲስ ነገር ነው። ሰው አጠገብህ እያለ አለማውራት አንዳንዴ ማኩረፍ ይመስላል። አንዷ ጓደኛችን መጀመሪያ ቀን «ምን አድርጌያችሁ ነው?» ብላ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ስለዚህ እኛ ወሬውን አልከለከልንም፣ ቦታውን ቀየርንለት። ዝምታው ሲያልቅ እዚያው ቤት ውስጥ ሆጃ የምንለው ትኩስ መጠጥ ይመጣል። ማንም አይነሳም፣ እዚያው ይወራል። የእናንተ ሰዎች በር ላይ ቆመው የሚያወሩት ወሬው ስለሚፈለግ ነው። ወደ ውስጥ አስገቡት።

ቁልፍ ያዧ፦
ይሄን ወድጄዋለሁ።

ሳቢያን ማዶ፦
ሆጃ ካለ እኔም እመጣለሁ። በሩን አትቆልፉት።

ደቻቱ ዳር፦
ብዙ አልጽፍም። እኔ ከሁለት ወር በፊት ነው ያቆምኩት፣ ቁልፍ ያዧ ደውላልኝ ነበር፣ አላነሳሁም።

ሻቫሳና ላይ በስፒከር የሚለቀቀው የወንዝ ድምፅ ነው። ቀስ ብሎ ይጀምርና ከፍ ይላል። ሰምታችሁት ታውቃላችሁ። እኔ ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ቤት ውስጥ ነበርን። በዚያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ ነው የሚሞላው፣ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ የምትሰማው ድምፁን ነው።

ስለዚህ ዓይናችሁን ጨፍኑ ተብሎ ያ ድምፅ ሲለቀቅ እኔ ጆሮዬ በር ላይ ነው። አሠልጣኟን አልወቅስም፣ የሜዲቴሽን አፕ ላይ ሁሉ ያለው እሱ ነው። ለሌላ ከተማ ሰው ደስ ይለው ይሆናል።

ነርስ ነኝ አልወጋም፦
እንኳን ጻፍክ (ወይም ጻፍሽ)። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እዚያው ተኝቼ ሰምቼዋለሁ፣ አንድም ቀን በዚህ በኩል አላሰብኩትም።

ለሁሉም የሚሆን ነገር ልናገር። ሜዲቴሽን ሁሉንም ሰው በአንድ ዓይነት አያረጋጋም። ከባድ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ነገር ሊመጣበት ይችላል። ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም። ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ማየት ይቻላል። ተነስቶ መሄድም ይቻላል፣ ማንም ለምን ሳይለው። ካበዛብህ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማናገር እንጂ ምንጣፍ ላይ መታገል አያስፈልግም።

ይህን ስል ነገሩ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ጆን ካባት ዚን የሚባሉት ሰውዬ በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የስምንት ሳምንት ሥልጠና አለ። በ2022 የታተመ ጥናት ላይ የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግማሾቹ ይህን ሥልጠና፣ ግማሾቹ ኤሲታሎፕራም የሚባለውን መድኃኒት ወስደው ነበር። ሥልጠናው ከመድኃኒቱ አላነሰም። መድኃኒታችሁን ግን በዚህ ምክንያት እንዳታቋርጡ! እዚያ ሰዎቹ በየቀኑ ቤታቸው ይለማመዱ ነበር፣ የእኛ የሳምንት አሥር ደቂቃ ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

ቁልፍ ያዧ፦
ደቻቱ ዳር፣ ድምፁ ከዛሬ ጀምሮ የለም። ከስልኩም አጥፍቼዋለሁ።

ሁሉንም ለአሠልጣኟ አነበብኩላት። አንዳንዱ ላይ ሳቀች፣ አንዳንዱ ላይ አልሳቀችም። የተስማማነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንጀምራለን። የማታው ክላስ ማክሰኞ ብቻ ይቀራል፣ እሱም ከመግሪብ በፊት እንዲያልቅ ወደ 45 ደቂቃ ይወርዳል። ዝምታው ከአሥር ወደ አምስት ደቂቃ ይወርዳል፣ ዓይን መክፈት ይቻላል፣ ግድግዳ መደገፍም ይቻላል። መረብ ዋጋ እየጠየቅኩ ነው።

«ኦም» ላይ አልተስማማንም። እሷ ከአስተማሪዎቿ የተቀበለችው ስለሆነ መተው አትፈልግም። ማክሰኞ አይባልም፣ ቅዳሜ ይባላል። ከመባሉ በፊት ትናገራለች፣ መውጣት የፈለገ ይወጣል፣ ሆጃው ላይ ይመለሳል።

ዳዊት ደጋሚ፦
የማክሰኞ ሰው ነኝ እንግዲህ። ሆጃው ግን ቅዳሜ ብቻ ነው?

ከአዲስ የመጣሁ፦
አምስት ደቂቃ አነሰኝ። ትንፋሼ ራሱ የሚረጋጋው ሰባተኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። የፈለግን ሰዎች ቆይተን ብንቀመጥስ?

ቁልፍ ያዧ፦
ቆዩ፣ ቁልፉን አስቀምጬላችሁ አልሄድም ግን። ያለፈው ጊዜ ቬንትሌተሩ አድሮ ነው የተገኘው።

ባለ ፉርጎው፦
ወንበሩን እኔ እችላለሁ። የእድራችን መጋዘን ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ስድስት ወንበር ለቅዳሜ ጠዋት ማንም አይጠይቀኝም። አንድ ብቻ ከሆነ አልቀመጥም ብያለሁ፣ ስድስት ከሆነ እቀመጣለሁ።

አቦ ተረጋጋ፦
ጋሼ፣ የእድር ወንበር ከዚራ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ፔርሙዝ እየዞረ... ሰፈሩ ለቅሶ መስሎት እንዳይመጣ!

ባለ ፉርጎው፦
ከመጡ ስምንት አደርገዋለሁ። አንተ ግን ጠዋት ተነስተህ ባጃጅ ይዘህ መጋዘኑ ጋ ጠብቀኝ፣ ወንበር እኔ አልሸከምም።

አቦ ተረጋጋ፦
12 ሰዓት?

ባለ ፉርጎው፦
ሩብ ጉዳይ።

ሙና ገንደ ቆሬ፦
ሆጃውን እኔ አፈላለሁ። አንድ ፔርሙዝ አለኝ፣ ሁለተኛ የሚያመጣ ሰው እዚህ ይጻፍ። ስኳሩ ለብቻው ይሁን፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች አሉ።